በበረሃ ከተማ ስኖው ይጥላል? ሐሰተኛ ፎቶ ትክክለኛውን መልስ ሲሸፍን (የጉዳይ ጥናት)

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የወሰንኩት ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ነው። ያሉበት አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ፎቶ እና አንድ የ"እውነት ወይም ሐሰት" ጥያቄ ናቸው። መምህርቷ ወዳጄ ናት። እሷም የተማሪው ቤተሰብም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን፣ ትምህርት ቤቱንና ቦታውን ትቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቀምጥ። ከዚህ በታች "ስኖው" የምለው እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ነጭ በረዶ ነው። ጣራ የሚደበድበውን ጠጣሩን ደግሞ "የበረዶ ጠጠር" እለዋለሁ። ይህ ልዩነት ወደኋላ ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ዳራው

መምህርቷ ስለ አየር ንብረት ቀጣናዎች አስተምራ እንደጨረሰች አጭር ፈተና ሰጠች። ከጥያቄዎቹ አንዱ "በበረሃ ውስጥ በሚገኝ ከተማ ስኖው አይጥልም" የሚል ነበር። እሷ የያዘችው መልስ "እውነት" ነው። አብዛኛው ተማሪም እንደዚያው መለሰ። አንዱ ግን "ሐሰት" አለ፤ ከጎኑም በእስክሪብቶ "ካይሮ ጥሏል፣ ፎቶ አለኝ" ብሎ ጨመረበት።

መልሱ ኤክስ ተደረገበት። ልጁ አልተዋጠለትምና በማግስቱ ፎቶውን ይዞ መጣ። ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። በካይሮ አጠገብ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልት፣ ስፊንክስ፣ በነጭ በረዶ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ከኋላው ያሉት ፒራሚዶችም ነጭ ለብሰዋል። ፎቶው በታኅሣሥ 2013 ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር ብቅ ይላል።

ክፍሉ ተንጫጫ። ከተማሪዎቹ አንዷ ስልክ አውጥታ ፈለገችና ፎቶው የካይሮ እንዳልሆነ የሚናገር ጽሑፍ አገኘች። ሳቅ ሆነ። መምህርቷም "አያችሁ፣ ስኖው በበረሃ ከተማ አይጥልም" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ነገሩ እዚያው ያበቃ ይመስል ነበር። ሆኖም የልጁ እናት ትምህርት ቤት መጡ። ለመጨቃጨቅ አልነበረም፣ በጨዋ ደንብ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ፎቶው ውሸት መሆኑን ተቀብያለሁ። ግን የልጄ ማስረጃ ወደቀ ማለት መልሱም ወደቀ ማለት ነው?" መምህርቷ መልስ አልነበራትም። መረጃ ማጣራት ሥራዬ ስለሆነ ደወለችልኝና አብረን ተቀመጥን።

ችግሩ የቱ ጋ ነበር

እናትየው ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ "ይህ ፎቶ የካይሮ ነው ወይ?" የሚል ነው። ሌላው "በበረሃ ከተማ ስኖው ይጥላል ወይ?" የሚል። ለመጀመሪያው የተገኘው "አይደለም" የሚል መልስ ዝም ብሎ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ ማንም ሲሻገር አላየውም።

ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰው ለእውነተኛ ነገር የሐሰት ማስረጃ ሲያመጣ ማስረጃው ይጋለጣል፣ ከእሱ ጋር እውነቱም አብሮ ይቀበራል። እንዲያውም ከተራ ውሸት ይልቅ ይህኛው የባሰ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ያጋለጠው ሰው "አጣርቻለሁ" ብሎ በልበ ሙሉነት ይሄዳል፣ ሁለተኛ ጊዜም ዞር ብሎ አያይም።

ሌላም ችግር ነበር። ጥያቄው ራሱ "አይጥልም" ብሎ በር ዘግቷል። እንዲህ ያለውን አባባል ለማፍረስ አንድ የተረጋገጠ አጋጣሚ ይበቃል። ስለዚህ ሥራችን "በብዛት ይጥላል?" ብሎ መጠየቅ ሳይሆን አንድ የማያጠራጥር መዝገብ መፈለግ ነበር።

መጀመሪያ ፎቶውን ለብቻው አየነው

ፎቶውን ለብቻው መርምረን ለብቻው ለመዝጋት ተስማማን። በምስል መፈለጊያ ስናስገባው መልሱ ቶሎ መጣ። ቦታው ጃፓን ውስጥ ኒኮ በምትባል ከተማ የሚገኘው ቶቡ ወርልድ ስኩዌር የተባለ መናፈሻ ነው። በ1993 የተከፈተ ሲሆን ከመቶ በላይ የዓለም ታዋቂ ሕንፃዎች በ25 እጥፍ አንሰው ተሠርተውበታል። ስፊንክስና ፒራሚዶቹም ከነሱ መካከል ናቸው። ኒኮ ደግሞ ተራራማ አካባቢ ነው፣ በብርድ ወራት ስኖው መጣሉ ብርቅ አይደለም። የመናፈሻው ጎብኚዎች ያነሷቸውን ሌሎች ፎቶዎች ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ነገሩ አለቀ።

እኔ ግን መምህርቷ ለክፍሉ "ኢንተርኔት ላይ ውሸት ነው ተብሏል" እንድትል አልፈለግኩም። ተማሪዎቹ ራሳቸው በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ያስፈልግ ነበርና ሒሳብ ሠራን። እውነተኛው ስፊንክስ ቁመቱ 20 ሜትር፣ ርዝመቱ 73 ሜትር ገደማ ነው። በ25 ስናካፍለው 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውና 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልት ይሆናል። በዚህ ሐውልት ጀርባ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስኖው ቢያርፍ፣ ፎቶውን እንደ እውነተኛው ስፊንክስ ለሚያየው ሰው 1.25 ሜትር ውፍረት ያለው ስኖው ይመስለዋል። ይህ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ነው። ካይሮ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በጠቅላላ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሻካራው ስሌት 25 ሚሊ ሜትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ስኖው ቢሆን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከመራል። ፎቶው እውነት ይሁን ካልን የበርካታ ዓመት ዝናብ በአንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ መውረድ አለበት ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ወድጄዋለሁ። የትኛውም ተማሪ ያለ ማንም እርዳታ ሊደግመው ይችላል፤ ፎቶውን "ማን ነው ውሸት ያለው?" የሚለው ጥያቄም ይቀራል።

ከዚያ ያንን ሳምንት አየን

ፎቶው ተዘጋ። ቀጥለን ፎቶው ፈጽሞ እንዳልነበረ ቆጥረን ጠየቅን፦ በታኅሣሥ 2013 አጋማሽ በዚያ አካባቢ ምን ሆነ?

የሆነው ነገር ትልቅ ነው። ከሰሜን የመጣ ኃይለኛ ቀዝቃዛ አየር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እርጥበት እየቀዳ ምሥራቁን ዳርቻ መታው። ኢየሩሳሌም በከባድ ስኖው ተዋጠች፣ ወደ ከተማዋ የሚወስዱ መንገዶች ተዘጉ፣ መብራት ጠፋ። ሊባኖስ ውስጥ በድንኳን የነበሩ የሶርያ ስደተኞች በስኖው ውስጥ አደሩ። የናሳ ሳተላይት ሰማዩ ሲጠራ ያነሳው ምስል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ነጭ ሆነው ያሳያል። ግብፅ ውስጥም በሲና ተራሮች መካከል በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሴንት ካትሪን በስኖው ተሸፈነች፤ እዚያ እንዲያውም ስኖው በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው።

ካይሮስ? በታኅሣሥ 13 በምሥራቅ በኩል ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች ነጭ ነገር መሬት ሸፍኖ ታይቷል፣ ነዋሪዎች ፎቶ አንስተዋል፣ ሕፃናት ተጫውተውበታል። እነዚህ ፎቶዎች የጃፓኑ ዓይነት አይደሉም። የሰፈሮቹ ሕንፃዎችና መኪናዎች ይታያሉ፣ ከተለያየ አቅጣጫ ብዙ ሰው አንስቷቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ከመጀመሪያው የለየነው ነገር የሚመጣው። የወረደው ምን ነበር? አንዳንዱ ስኖው ነው አለ፣ አንዳንዱ የበረዶ ጠጠር። በመካከላቸው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ዓይነት አለ። የስኖው ቅንጣት በደመና ውስጥ ሲወርድ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች ይለጠፉበታል፣ ወዲያው ይረጉና ቅንጣቱን ድቡልቡል ነጭ እንክብል ያደርጉታል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። የበረዶ ጠጠር አይፈርስም። በፎቶ ከሩቅ ሲታይ ግን መሬት ላይ የተኛ ለስላሳ እንክብል ከስኖው ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በእኔ ግምት በካይሮ ሰፈሮች ከታየው ነጭ ነገር ውስጥ ብዙው ይኸው እንክብል ነው።

"ከ112 ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚል ቁጥርም በዚያን ጊዜ ዜና ሁሉ ላይ ነበር። ዘገባዎቹን አገላብጠን የትኛው ጣቢያ በየትኛው ቀን ምን መዘገበ የሚል ነገር አጣንባቸው። አንዱ ከሌላው እየቀዳ ነው የሄደው። ስለዚህ ቁጥሩን ጣልነው። መምህርቷ ቁጥሩ ስቧት ስለነበር ትንሽ ተከራከርን፤ ሆኖም ከሐሰተኛ ፎቶ ወጥተን ምንጩ ወደማይታወቅ ቁጥር መግባት ትርጉም የለውም።

ካይሮን እንደ ማስረጃ ላለመጠቀም የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው። "ሊሆን ይችላል" የሚያሰኝ ነገር አለ፣ ፈተና የሚታረምበት ግን አይደለም።

መዝገብ ያላት ከተማ ፍለጋ

የምንፈልጋት ከተማ ሦስት ነገር ማሟላት ነበረባት። በረሃነቷ የማያከራክር ይሁን፤ ማለትም በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ የምታገኝ። ስኖው በየቀኑ በመለኪያ የሚመዘገብባት ትሁን። ተራራ ላይ የተሠራች ደግሞ አትሁን፤ "ይሄማ ተራራ ነው" እንዳይባል።

የአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ሦስቱንም ታሟላለች። ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ናት፣ ከፍታዋ 620 ሜትር ገደማ፣ ዓመታዊ ዝናቧ ከ110 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚለካው የስኖው መዝገብ ለማንም ክፍት ነው።

መዝገቡን ከፍተን ማየታችን ከሁሉም ይበልጥ ጠቀመን። አብዛኛው የብርድ ወር ዜሮ ነው። እዚህም እዚያም ደግሞ በቁጥር ፋንታ "ቲ" የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀምጣለች። መምህርቷ ስህተት መስሏት ነበር። የፊደሏ ትርጉም "ታይቷል፣ ግን አልተለካም" ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኖው "ተለካ" ለመባል ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበት። ከዚያ ያነሰው፣ ወርዶ መሬት ሲነካ የቀለጠው ሁሉ በዚያች ፊደል ይገባል። እንግዲህ አንድ ነዋሪ "ስኖው አይቻለሁ" ሲል፣ ሌላው ደግሞ የዚያኑ ዓመት መዝገብ አይቶ "የተለካ ስኖው የለም" ሲል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ትልልቆቹ ቀኖች መጡ። በጥር 1979 መጨረሻ በሁለት ቀን ውስጥ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ጣለ። በታኅሣሥ 17 ቀን 2008 በአንድ ቀን 9 ሴንቲ ሜትር ጣለ፤ በረራዎች ተሰረዙ፣ ከከተማዋ የሚያስወጡ መንገዶች ተዘጉ፣ በማግስቱ ትምህርት ቤቶች አልተከፈቱም። በየካቲት 2019 ደግሞ ቀለል ያለ፣ ግን የተለካ ስኖው ነበር። እዚህ ላይ ክርክር የለም። በበረሃ ከተማ ስኖው ይጥላል። ልጁ ልክ ነበር።

ለማነጻጸር ሌላዋን የአሜሪካ ከተማ ፊኒክስንም አየናት። እሷም በረሃ ውስጥ ናት፣ ከፍታዋ ግን 330 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በታሪኳ የተመዘገበው ትልቁ ስኖው 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጥር 1933 እና በጥር 1937። ሁለት በረሃ፣ ሁለት በጣም የተለያየ መዝገብ። ይህ ንጽጽር ቀጥሎ ወደነበረው ጥያቄ ወሰደን።

ለምን ይጥላል፣ ለምን ብርቅ ሆነ

የመምህርቷ ጥያቄ የተመሠረተው በአንድ ያልተነገረ ሐሳብ ላይ ነው፦ በረሃ ማለት ሙቀት ነው። አይደለም። በረሃ ማለት ድርቀት ነው። የዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ በጎቢ በረሃ ያለችው ዳላንዛድጋድ የብርድ ወራትን ከዜሮ ዲግሪ በታች ታሳልፋለች፣ እዚያ ስኖው ማየት ዜና አይደለም። ይህን ብቻ ብናስተውል የፈተናው ጥያቄ ከመጀመሪያውም አይቆምም ነበር።

ሞቃት በሚባሉት በረሃዎችም ቢሆን ሌሊቱና የብርዱ ወር ይበርዳል። ደመናና እርጥበት ስለሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ስለዚህ ብርዱ ራሱ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ሰዓት መገናኘታቸው ነው። ሲበርድ አየሩ ደረቅ ነው፤ እርጥበት ይዞ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ የሚገጥሙት ከሩቅ የመጣ ቀዝቃዛ አየር በመንገዱ ባሕር አግኝቶ እርጥበት ሲቀዳ ነው። ለካይሮና ለኢየሩሳሌም ባሕሩ ሜዲትራኒያን ነው፣ ለላስ ቬጋስ ፓስፊክ።

ከፍታም አለ። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አልጄሪያ ውስጥ የሰሃራ በር የምትባለው አይን ሰፍራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ከ1,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፣ አትላስ ተራሮች ከበዋታል። በታኅሣሥ 2016፣ ከዚያም በጥር 2018 በአቅራቢያዋ ያሉት ቀይ የአሸዋ ክምሮች ነጭ ሆነው የታዩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የ2016ቱን ሳተላይትም አንስቶታል። ዱባይ በባሕር ዳርቻ ዝቅ ብላ ስላለች ስኖው አታይም፤ ከእሷ ብዙም በማይርቀው በራስ አል-ኸይማ ተራሮች ላይ ግን በ2004 እና በ2009 ስኖው ወርዷል።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የገረማቸው የደረቅ አየር ጉዳይ ነው። በረሃ ላይ የሚወርድ ዝናብም ሆነ ስኖው መሬት ሳይደርስ ሊተን ይችላል። ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ መሬቱ ግን አንድ ጠብታ አላገኘም። ይህ ድርቀት ስኖውን የሚከለክልበት መንገድ ነው። ሆኖም ያው ትነት አየሩን ያቀዘቅዛል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳልና። የሚወርደው ነገር በቂ ከሆነ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄድና የሙቀት መለኪያው 4 ወይም 5 ዲግሪ ሲያሳይ የነበረበት ቦታ ጭምር ስኖው ሳይቀልጥ ሊያርፍ ይችላል። ድርቀቱ መጀመሪያ ያስቸግረዋል፣ ከበረታ ደግሞ ያግዘዋል። መምህርቷ ይህን በሰሌዳ ላይ ስትሥለው ፎቶውን ያመጣው ልጅ ነው ቀድሞ እጁን አውጥቶ "ታዲያ መጀመሪያ የወረደው ጠፍቶ ለኋለኛው መንገድ ይጠርጋል ማለት ነው?" ያለው። አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው።

ያልሠራው

መጀመሪያ መምህርቷ የሞከረችው የከተሞቹን አማካይ ሙቀት ማየት ነበር። የካይሮ የጥር ሌሊት በአማካይ 9 ዲግሪ ገደማ ነው። "ስለዚህ አይቻልም" የሚል መልስ ሰጣት። አማካይ ቁጥር የተለመደውን ቀን ይነግረናል፣ እኛ የምንፈልገው ግን ያልተለመደውን ነው። ለብርቅ ነገር አማካይን መጠየቅ የተሳሳተ መዝገብ መክፈት ነው።

በበረሃ ከተሞች የኖሩ ሰዎችንም ጠየቅን። አንዱ ዘመኑን ሙሉ አላየሁም አለ፣ ሌላዋ አይቻለሁ ብላ ማለች። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ሆኖም የአንድ ሰው ዕድሜ በየሠላሳ ዓመቱ ለሚመጣ ነገር አጭር መስኮት ነው፤ በዚያ ላይ "አየሁ" ያለችው የበረዶ እንክብል ይሁን ስኖው ከዓመታት በኋላ ማን ይለየዋል?

የዜና ዘገባ ቀኑንና ቦታውን ለማግኘት ረድቶናል። ለመጠኑና ለ"ከስንት ዓመት ወዲህ" ግን አልሆነም። "በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ" የሚል ርዕስ ያየንባቸው ቦታዎች ላይ ፈልገን ቀደም ያለ አጋጣሚ አግኝተናል። ባግዳድ በጥር 2008 ስኖው ሲጥልባት በሕይወት ያለ ሰው የማያስታውሰው ተብሎ ነበር፤ በየካቲት 2020 ደግሞ ድጋሚ ጣለባት።

ከሁሉ የከፋው ውጤት ግን ፎቶውን ለብቻው ማጋለጥ ያመጣው ነው። መምህርቷ የጃፓኑን መናፈሻ ለአንዱ ክፍል ብቻ አሳይታ በሌላ ሥራ ምክንያት ቀሪውን ወደ ሳምንቱ አስተላልፋ ነበር። በመካከሉ ያ ክፍል "በረሃ ላይ ስኖው የለም" በሚለው ይበልጥ ጸና። ስትመለስ ላስ ቬጋስን ስታሳያቸው "ይህም ውሸት ቢሆንስ?" የሚል ጥያቄ ገጠማት። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ሥራዋን እጥፍ አደረገባት። በሌላው ክፍል ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ አድርጋ ይህ አልገጠማትም።

የሠራው

የሠራው ጥያቄዎቹን መነጠል ነው። ለፎቶው አንድ ገጽ፣ ለካይሮ ሌላ ገጽ፣ "በበረሃ ከተማ ይጥላል ወይ" ለሚለው ሦስተኛ ገጽ ያዝን። በአንዱ ላይ የተገኘ መልስ ወደ ሌላው እንዳይሻገር በእጅ ጽፈን ለያየነው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሦስቱ ገጾች ሦስት የተለያየ መልስ ያዙ፦ ሐሰት፣ ሊሆን ይችላል፣ አዎ። በአንድ ገጽ ላይ ቢሆን እነዚህ መልሶች እርስ በርስ ይጠላለፉ ነበር።

ሁለተኛው የሠራው ነገር ከዝነኛዋ ከተማ ወደተመዘገበችዋ ከተማ መዞር ነው። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ካይሮ ነበር። መልሱ ግን ያለው መለኪያ ባለበት ነው።

ከውጤቱ አንጻር፣ መምህርቷ ለክፍሉ በግልጽ ጥያቄው ስህተት እንደነበረበት ነገረቻቸው። "ሐሰት" ላሉት ማርክ ሰጠች፤ "እውነት" ያሉት ደግሞ እሷ ባስተማረችው መሠረት ስለመለሱ ጥያቄው ከነሱ ውጤት እንዲወጣ አደረገች። አንዳንድ ባልደረቦቿ ልጁ ማርክ ማግኘት የለበትም፣ በውሸት ፎቶ ነው የመለሰው አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። "እውነት ወይም ሐሰት" የሚል ጥያቄ የሚጠይቀው መልሱን ነው፤ ምክንያቱን መመዘን የፈለገ ምክንያት ይጠይቅ። መምህርቷም እንደዚያ አደረገች፦ ማርኩን ሰጥታው፣ ምክንያቱን ያለ ፎቶው ድጋሚ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘችው። የታኅሣሥ 2008ቱን የላስ ቬጋስ መዝገብ ይዞ መጣ።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፉ ነጥቦች

ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ስታጋልጡ ሥራው ግማሽ ላይ ነው። ቀጥሎ "እሺ፣ ማስረጃው ባይኖርስ ነገሩ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ የተጋለጠው ነገር ሊሆን በሚችል ክስተት ላይ ከሆነ፣ ፎቶው በሐሰት የተሠራጨው ክስተቱ በእርግጥ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። የስፊንክሱ ፎቶ የተሠራጨው አካባቢው በስኖው በተመታበት ሳምንት ነው፤ ሰው ያመነውም ለዚህ ነው።

"አይሆንም" እና "የለም" የሚሉ አባባሎችን ለማጣራት አማካይ አይጠቅምም። ጽንፉን የያዘ መዝገብ ፈልጉ። መዝገቡ ውስጥ ከቁጥር ውጭ የሆነ ምልክት ካያችሁ ደግሞ አትዝለሉት። የእኛ ጉዳይ ግማሽ ማብራሪያ በአንዲት ፊደል ውስጥ ነበር።

የምታጣሩት ነገር በምን እንደሚለይ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስኖው፣ የበረዶ እንክብል፣ የበረዶ ጠጠር ብለን ባንለይ ኖሮ ስለ ካይሮ እስካሁን እንከራከር ነበር። "በረሃ" የሚለውንም እንዲሁ፤ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ድርቀት እያሰበ የሚደረግ ክርክር አያልቅም።

ለመምህራን የተለየ ነጥብ አለኝ። የተሳሳተ ማስረጃ ይዞ ትክክለኛ መልስ ያመጣ ልጅ በክፍል ፊት ሲሳቅበት፣ ሌሎቹ የሚማሩት ዝም ማለትን ነው። ይህ ልጅ ዝም ያላለው እናቱ ስለመጡለት ነው። እናት የማይመጣለት ልጅ ብዙ ነው።

ጥያቄው እንደገና ሲጻፍ

መምህርቷ የድሮውን ጥያቄ ጥላ በምትኩ አዲስ አዘጋጀች። የላስ ቬጋስንና የፊኒክስን ከፍታ፣ ዓመታዊ ዝናብና ትልቁን የስኖው መዝገብ በሰንጠረዥ ሰጥታ "ሁለቱም የበረሃ ከተሞች ሆነው መዝገባቸው ለምን ተለያየ?" ብላ ጠየቀች። የያዘችው መልስ ከፍታ ነበር። ካርታ ከፍተው ያዩ ጥቂት ተማሪዎች ግን ላስ ቬጋስ ከፊኒክስ በኬክሮስ (ከምድር ወገብ ባለው ርቀት) 3 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን እንደምትርቅ፣ ስለዚህ ለቀዝቃዛው አየር መንገድ እንደምትቀርብ ጻፉ። ሰንጠረዡ ላይ ኬክሮስ አልነበረም። መምህርቷ ማርክ ሰጥታቸው በሚቀጥለው ዓመት ፈተና ላይ ኬክሮሱን ጨምራበታለች።